ሲጋር በነጥብ ይመዘናል ወይ?

በአንድ የሲጋር አጣጣሚዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን ርዕስ ይዞ የውይይት ክር የከፈተው ጸሐፊ ጥያቄውን በጨዋ ቋንቋ ቢያቀርበውም ከጥያቄው በስተጀርባ የቆየ ቅሬታ እንዳለ ያስታውቃል። ከትንባሆ ቅጠል በእጅ የተጠቀለሉ ሲጋሮችን ማጣጣምና ስለ እያንዳንዳቸው ማስታወሻ መያዝ ከጀመረ ዓመታት ማለፋቸውን ከገለጸ በኋላ፣ ሲጋር አፊሲዮናዶ የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1992 መታተም ከጀመረ ወዲህ የተስፋፋው ከ100 የሚሰጥ ነጥብ ለአጣጣሚ አንዳች አይጠቅምም ሲል ይሞግታል። ምክንያቱንም ያስረዳል። በአንድ ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ሲጋሮች አንዱ ጭሱን በቀላሉ ሲሰጥ፣ ሌላው ጉንጭ እስኪጎደጉድ ቢሳብም ጠብ የሚል ነገር አልነበረውም። ታዲያ 93 የሚገባው የትኛው ነው፣ ሳጥኑስ የሚፈረድበት በየትኛው ነው? የእርሱ መፍትሔ ቁጥሩን ጨርሶ ትቶ ጣዕሙን በቃላት ብቻ መግለጽ ነው።

1ኛው ምላሽ ከምስጋና ተነሥቶ በስምምነት ያበቃል። ጸሐፊው ከ100 የመስጠቱ ልማድ ከወይን ጠጅ አጣጣሚዎች የተወረሰ መሆኑን ይጠቅስና፣ የሚታተሙት ውጤቶች አብዛኞቹ ከ85 እስከ 95 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ስለሚያርፉ መቶ እርከን አለው የተባለው ሚዛን በተግባር የሚሠራው በአሥሩ ብቻ ነው ይላል። 2ኛው ምላሽ ይህን ሳይቃወም ከፋቹን ያርማል። መጽሔቱ ነጥብ የሚሰጠው በደፈናው ሳይሆን መልክና አሠራርን፣ ጣዕምን፣ የአነዳደድና የአሳሳብ ጠባይን እንዲሁም አጠቃላይ ስሜትን ለየብቻ አይቶ ነው፤ አጣጣሚዎቹም ስሙ የተጻፈበትን የሲጋሩን የወረቀት ቀለበት ስለማያዩ ስሙን ሳያውቁ ይፈርዳሉ። ቁጥሩ ይጣል ቢባል እንኳ ስም ሸፍኖ መቅመሱ አብሮ ሊጣል አይገባም። በእኔ ግምት የክሩ ትልቁ ቁም ነገር የተነገረው እዚሁ ላይ ነበር፤ ይሁን እንጂ ማንም ልብ ሳይለው ታለፈና ኋላ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ እንደ አዲስ ተመልሶ መጣ።

3ኛው ጸሐፊ ስለ ክርክሩ አንድም ቃል ሳይተነፍስ የሲጋሩ መጠን ስንት እንደ ሆነ ብቻ ጠየቀ። ከፋቹ ሮቡስቶ መሆኑን መለሰለት፤ ውፍረቱ 50 ሪንግ ጌጅ፣ ርዝመቱ ወደ 124 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ማለት ነው። ሪንግ ጌጅ የሚቆጠረው በኢንች 64ኛ ክፍልፋይ ስለ ሆነ 50 ሲባል የኢንች 50/64ኛ፣ ማለትም 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ይህ ተራ የሚመስል ጥያቄ በክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ረጅሙንና ጥልቁን ምላሽ አስከተለ። የ4ኛው ምላሽ ጸሐፊ መጠንን ሳይገልጹ ስለ ሲጋር ጣዕም መናገር ለምን ዋጋ እንደሌለው ከመሠረቱ ያስረዳል። ሲጋር የውስጥ ሙሌት፣ ሙሌቱን አቅፎ ቅርጽ የሚያስይዝ ማሰሪያ ቅጠልና ከላይ የሚታይ መጠቅለያ ቅጠል አለው። ሙሌቱ ራሱ ከተለያየ የተክሉ ክፍል የሚለቀም ነው። ከታች የሚገኘው ቮላዶ በቀላሉ ስለሚነድ እሳቱን ያስኬዳል፤ ከመካከል የሚለቀመው ሴኮ መዓዛ ይሰጣል፤ ከላይ ሆኖ ፀሐይ ሲጠግብ የኖረው ሊጌሮ ደግሞ ወፍራም፣ ቅባታምና ኃይለኛ ነው። ሊጌሮ ቀስ ብሎ ስለሚነድ የሚቀመጠው ከእምብርቱ ላይ ነው። የሚጠቀልለው ሰው እጁ ጥቂት ስቶ ሊጌሮው ወደ አንድ ጎን ካጋደለ፣ በዚያ በኩል እሳቱ ይዘገያል፣ በሌላው በኩል ይቀድማል፣ የሲጋሩም አፍ እንደ ታንኳ ሰያፍ ሆኖ ይነዳል። የከፋቹን የታፈነ ሲጋር በተመለከተም ምክንያቱ ከቅጠሉ ጥራት ይልቅ ከእጅ ሥራው ሳይመጣ እንዳልቀረ ይገምታል። ጥሩ ባለሙያ እያንዳንዱን የሙሌት ቅጠል ለብቻው እንደ ቱቦ እየጠቀለለ ስለሚደረድረው በመካከላቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ የአየር መተላለፊያ ይቀራል፤ ቅጠሎቹ ሲደረደሩ ከተጠማዘዙ ወይም አንድ ቦታ ላይ ከታጨቁ ግን መተላለፊያው ይደፈናል።

ከዚያም ወደ ውፍረቱ ይመለሳል። የሲጋር ዲያሜትር በእጥፍ ሲያድግ መጠቅለያው በእጥፍ ብቻ ሲጨምር ሙሌቱ ግን በአራት እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ 38 ሪንግ ጌጅ ያለው ቀጭኑ ላንሴሮ 60 ሪንግ ጌጅ ካለው ወፍራም ሲጋር ጋር ሲነጻጸር የመጠቅለያው ድርሻ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። አንድ ዓይነት ቅጠል፣ አንድ ዓይነት ቅመራ፣ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ሲጋሮች በመጠን ብቻ ከተለያዩ አፍ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሆናሉ። ይህን ምላሽ ብዙዎች አመሰገኑት፤ መመስገንም ነበረበት፤ በክሩ ውስጥ አንድ ሰው ሌላውን ለመርታት ሳይሆን ለማስረዳት ብቻ የጻፈው ይህኛው ነውና።

5ኛው ምላሽ አንድ ገጠመኝ ያመጣል። ጸሐፊው ከአንድ ሳጥን ያወጣቸውን ሲጋሮች ቀለበታቸውን አውልቆ፣ የተለያዩ ዓይነቶች እንደ ሆኑ ለጓደኞቹ ነግሮ በተለያዩ ቀናት እንዲቀምሷቸው አደረገ። አንደኛው ቀን የበርበሬና የቆዳ መዓዛ ተጻፈ፤ በሌላው ቀን የካካዎና የደረቅ ሣር፤ ደግሞ በሌላው ቀን ገና ያልበሰለ፣ አሞኒያ የሚሸት ትንባሆ ነው ተባለ። ጓደኞቹ እውነቱን ሲሰሙ ተቀየሙት። ከፋቹ ቁጥርን ሸሽቶ የተጠለለባቸው ቃላት ከቁጥሩ ያልተሻሉ መሆናቸውን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም ሲል ይደመድማል። የ6ኛው ምላሽ ጸሐፊ ግን በትሕትና ያርመዋል። የእጅ ሥራ ከሆነ በአንድ ሳጥን ውስጥም ልዩነት መኖሩ አይቀርም፤ የቀማሹም አፍ እንደ በላውና እንደ ጠጣው፣ ሰዓቱም ጠዋት ወይም ማታ እንደ መሆኑ ይለያያል። ስለዚህ ሙከራው ቀማሾቹ አላዋቂ መሆናቸውን አያረጋግጥም። ማንም ሰው በአንድ ቅምሻ መፍረድ እንደማይችል ግን ያረጋግጣል።

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ ወደ አቀማመጥ ዞረ። የ7ኛው ምላሽ ጸሐፊ የሁሉም ነገር ሥሩ እርጥበት ነው ባይ ነው። የቆየው ልማድ ሲጋርን በ21 ዲግሪ ሴልሺየስና በ70 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ማቆየት ቢሆንም፣ አሁን ብዙዎች ወደ 65 በመቶ ዝቅ ያደርጉታል። እርጥበት የበዛበት ሲጋር አብጦ ይታፈናል፣ በየጊዜው ይጠፋል፣ መጠቅለያውም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የደረቀው ደግሞ ፈጥኖና ግሎ ስለሚነድ ምላስ ያቃጥላል፣ ይመራልም። የከፋቹ ሁለት ሲጋሮች ምናልባት አንዱ ለእርጥበት ሰጪው ቀርቦ፣ ሌላው ርቆ ተቀምጦ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ከዚያም የእርጥበት መለኪያውን ሳይፈትሹ በቁጥሩ መማል ከንቱ ነው ይልና ፍተሻውን ይዘረዝራል። የጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው ይደረጋል፤ ጨው እንዳይሟሟ ተጠንቅቆ ጥቂት ጠብታ ውኃ ይጨመርበትና እንደ እርጥብ አሸዋ ይለወሳል፤ ክዳኑና መለኪያው አየር በማያስገባ ከረጢት ውስጥ አብረው ታሽገው ያድራሉ። በእንዲህ ያለ የታሸገ ቦታ ውስጥ እርጥብ ጨው አየሩን 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል። መለኪያው በማግሥቱ 70 ካሳየ አምስት ዝቅ አድርጎ እንደሚያነብ ይታወቃል፤ ከእንግዲህ በሚያሳየው ላይ አምስት መጨመር ነው። ርካሹም ውዱም መለኪያ በዚህ ፍተሻ ሊወድቅ እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

የክሩ መልካም ጠባይ እስከዚህ ድረስ ነበር። 8ኛው ጸሐፊ በቅን ልቦና ሙቀቱንም እንዳትዘነጉ ብሎ ስለ ትንባሆ ጥንዚዛ አነሣ። የጥንዚዛው እንቁላል ከእርሻው ጀምሮ በቅጠሉ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ ሲያልፍ ይፈለፈላል፤ እጩ ሲጋሩን ሰርስሮ በመርፌ የተበሳ ያስመስለዋል፤ መከላከያውም ሲጋሮቹን አሽጎ ለቀናት ፍሪዘር ውስጥ ማቆየትና ቀስ በቀስ ወደ ክፍል ሙቀት መመለስ ነው። ወረድ ብሎ በሲጋሩ ላይ የሚታየውን ነጭ ብናኝ ከሻጋታ መለየት እንደሚያስፈልግ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረ። ጠቡን የጫረው ይኸው ዐረፍተ ነገር ነው። 9ኛው ምላሽ ነጩ ብናኝ ከቅጠሉ ቅባት የሚወጣ፣ በሚገባ ለበሰለ ሲጋር ብቻ የሚሰጥ የክብር ምልክት ነው ሲል፣ 10ኛው ይህ ሻጋታ የያዘው ዕቃ መሸጥ የሚፈልግ ነጋዴ የፈጠረው ተረት ነው ብሎ አጣጣለው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ነጩ ነገር ብዙውን ጊዜ ሻጋታ ሆኖ ይገኛልና በነገሩ 10ኛው የተሻለ ቆሟል፤ በአነጋገሩ ግን አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ሁሉም አንቱ ሲባባል የቆየው ጉባኤ አንተ የሚባባለው ከእርሱ በኋላ ነው። 9ኛው ተመልሶ ሲጋር በአጉሊ መነጽር የሚመለከት ሰው ደስታ የሚባል ነገር አያውቅም አለው።

ከፋቹ በ11ኛው ምላሽ ገብቶ ውይይቱ ወደ ጥያቄው እንዲመለስ ለመነ። ልመናው ጆሮ አላገኘም። 12ኛው ምላሽ ከኩባ ውጪ ስላለ ሲጋር መከራከር ጊዜ ማባከን ነው፣ በኩባ የፒናር ዴል ሪዮ ግዛት ያለው የትንባሆ አካባቢ የቩኤልታ አባሆ አፈር የሌለው ሁሉ ቅጂ ነው ብሎ በድፍረት ፈረደ። 13ኛው ይህን በታሪክ መለሰ፤ እንደ እኔ ከሆነ ከአጀንዳ የወጣ ቢመስልም ከአጀንዳው ጋር ብዙ የተገናኘ ነው። ከኩባ አብዮት በኋላ የተሰደዱ ባለሙያዎች እውቀታቸውንና ዘራቸውን ይዘው ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ወደ ሆንዱራስና ወደ ኒካራጓዋ ኤስቴሊ ስለ ሄዱ፣ የኩባ እጅ በኩባ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1962 በኩባ ላይ የተጣለውን የንግድ እገዳ ከመፈረማቸው በፊት የፕሬስ ጸሐፊያቸው ፒየር ሳሊንጀር 1,200 የኩባ ሲጋሮችን ፈልገው እንዲያመጡላቸው ማድረጋቸውን ሳሊንጀር ራሳቸው ተናግረዋል፤ ይህን ያህል የተፈለገ ሲጋር ግን ሁልጊዜ ጥሩ ነበር ማለት አይደለም። በስማቸው የሚጠራ ሲጋር የነበራቸው ነጋዴ ዚኖ ዳቪዶፍ እ.ኤ.አ. በ1989 ለስሜ አይመጥኑም ያሏቸውን ከ100,000 በላይ የኩባ ሲጋሮች በአደባባይ አቃጥለው፣ ምርታቸውን ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ አዛውረዋል። የሲጋር ጥራት በዓለም ላይ ከዚህ የመረረ ፍርድ ተሰጥቶበት አያውቅም፤ የፈረዱትም ነጥብ ሳይሰጡ ነው። 14ኛው ምላሽ የአስመሳይ ሲጋር ነገር ይጨምራል፤ የኩባ መንግሥት የዋስትና ማኅተም እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ በሥራ ላይ ቢሆንም ማኅተሙም ይሰረቃል፣ ይኮረጃልና፣ ክዳኑ መስታወት በሆነ ሳጥን የቀረበ ኮሂባ የተባለውን የኩባ ሲጋር ያየ ሰው ሌላ ምርመራ ሳያስፈልገው ፊቱን ያዙር ይላል።

ቀጥሎ የመጣው ክሩን ለሁለት የከፈለው ምላሽ ነው። በሕክምና ሙያ ላይ እንዳለች የገለጸች ጸሐፊ በ15ኛው ምላሽ፣ ይህን ሁሉ ሰው ስለ ካካዎና ስለ ቆዳ መዓዛ ሲነጋገር አንድም ሰው ስለ አፍ፣ ስለ ጉሮሮና ስለ ምግብ መውረጃ ካንሰር አለማንሣቱ እንዳስገረማት ጻፈች። ጭሱን ወደ ሳንባ አናስገባም የሚለው መጽናኛ በቂ አይደለም። የሲጋር ጭስ ከሲጋራ ጭስ ይልቅ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለ ሆነ ኒኮቲኑ በአፍ ሽፋን በኩል በቀጥታ ወደ ደም ይገባል፤ አንድ ትልቅ ሲጋርም የአንድ ፓኬት ሲጋራ ያህል ትንባሆ ሊይዝ ይችላል። 16ኛው ምላሽ በቁጣ የተጻፈ ነው፤ አዋቂ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል፣ ምክር የጠየቀ የለም፣ እዚህ የሚጻፈው ስለ ሲጋር እንጂ ስለ ሆስፒታል አይደለም ይላል። ሁለት ሰዎች ደገፉት፤ አንዱ ከዚያም ብሶ ጸሐፊዋ ከክሩ እንድትወጣ ጠየቀ።

ክሩን ከመበተን ያዳነው 17ኛው ምላሽ ሲሆን ጸሐፊው ቀደም ሲል 4ኛውን የጻፈው ሰው ነው። የተናገረችው ትክክል ነው፣ ከክሩ ጉዳይም አይወጣም፣ እንዲያውም ስለ ምዘናው ከተባለው ሁሉ ይልቅ ጠቃሚውን ነገር የተናገረችው እርሷ ነች አለ። ምክንያቱም አጣጣሚዎች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያምታታሉ። አንደኛው ጣዕሙ በአፍ ውስጥ የሚሰጠው ሙላት ነው፤ ሌላው ደግሞ ኒኮቲኑ በሰውነት ላይ የሚያሳድረው ጫና ነው። ጣዕሙ ለስላሳ የሆነ ሲጋር ጭንቅላት ሊያዞር፣ ጣዕሙ የሞላ ደግሞ ሰውነትን ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። ኒኮቲኑ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ በመጨረሻው ሲሶ ላይ የሚመጣው ላብና ማቅለሽለሽ የሲጋሩ ጣዕም የተበላሸ ያስመስላል፤ ባዶ ሆድ ለተቀመጠማ ይብስበታል። ነጥብ የሰጠው ሰው የመዘነው ሲጋሩን ይሁን የገዛ ሆዱን ማወቅ ያስቸግራል። በዚያው ላይ ምላስ የሚለየው ጣፋጩን፣ ጨዋማውን፣ መራራውን፣ ጎምዛዛውንና እንደ ሥጋ መረቅ ያለውን ጣዕም ብቻ ነው። የቀረው ቆዳው፣ ቡናው፣ የእንጨቱ ሽታ ሁሉ የሚታወቀው በአፍንጫ ነው። ስለዚህ ጥቂት ጭስ በአፍንጫ የሚያወጣና የማያወጣ ሰው ስለ አንድ ሲጋር ቢከራከሩ መቼም አይገናኙም።

ከዚህ በኋላ የጻፉት ትንሽ ቀዝቀዝ አሉ። የ18ኛው ምላሽ ጸሐፊ ክሩን ከላይ ጀምሮ አንብቦ መምጣቱ ያስታውቃል፤ 2ኛው፣ 6ኛውና 17ኛው ያሉትን አዋሕዶ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ምዘናው ለሁለት ይከፈል። አሠራሩ ለብቻው ይመዝገብ፤ ከመለኮሱ በፊት የአሳሳቡ ሁኔታ፣ አነዳደዱን ስንት ጊዜ ማስተካከል እንዳስፈለገ፣ ስንት ጊዜ እንደ ጠፋ፣ ሙሌቱ መሐል ለመሐል ነድዶ መጠቅለያውን ትቶት ሄዶ እንደ ሆነ። እነዚህ ማንም ቢያያቸው የማይለዋወጡ ነገሮች ስለ ሆኑ በቁጥር ሊጻፉ ይችላሉ። ጣዕሙ ደግሞ ለየሲሶው በቃላት ይገለጽ፣ ስሙም ተሸፍኖ ይቀመስ፤ ከአንድ ሳጥን ቢያንስ ሦስቱ በተለያዩ ቀናት ሳይቀመሱ ፍርድ አይሰጥ። አንድ ሌላ ሰው አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም የሚለውን ተረት አመጣና ለሲጋር የተተረተ እስኪመስል ድረስ ልክ ገባ፤ ሦስት ሲጋር ብቻ ሳይሆን ሦስት ሰውም ያስፈልጋል ማለቱ ነው።

ከፋቹ በ20ኛው ምላሽ ሐሳቡን ግማሹን ተቀበለ። ከሳጥኑ ውስጥ ስንቱ ታፍኖ እንደ ተገኘ የሚናገረው ቁጥር ከሁሉም የሚጠቅመው ቁጥር መሆኑን አምኗል። የጣዕም ነጥብን ግን አሁንም አይቀበልም። የአመዱ ንጣትና ርዝመት በአሠራሩ ክፍል እንዲካተት መጠየቁ ሌላ ክርክር አስነሣ፤ 21ኛው ምላሽ የአመድ ቀለም በአፈሩ ማዕድን፣ በተለይ በማግኒዚየሙ፣ እንደሚወሰንና ስለ ጣዕም ምንም እንደማይናገር አስረዳ። ርዝመቱን ግን ሙሌቱ ከረጅም ቅጠል እንጂ ከብጥስጣሽ አለመሠራቱን ስለሚያሳይ እንዲካተት ተወው።

የመጨረሻዎቹ ምላሾች ያተኮሩት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ሲጋሩ በየመሐሉ መጥፋቱ ከነጥቡ ይቀነስበት ወይስ አይቀነስበት? 16ኛውን በቁጣ የጻፈው ሰው አሁን ረጋ ብሎ፣ በጨዋታ ተጠምዶ ለደቂቃዎች ሳይስብ የቆየ ሰው ሲጋሩ ቢጠፋበት ጥፋቱ የሲጋሩ ሊሆን አይችልም አለ። በደቂቃ አንድ ጊዜ ገደማ መሳብ የተለመደ መሆኑን ያነሣው ሌላው ጸሐፊ፣ እንግዲያው በዚህ ልክ እየተሳበ የጠፋው ብቻ ይቆጠር፣ ነፋስ ባለበት የጠፋው አይቆጠር ሲል መለሰ። የ18ኛው ጸሐፊ ይህን አልተቀበለም፤ ሁሉም ይቆጠርና ቦታውና አሳሳቡ ከጎኑ ይጻፍ ባይ ነው። እኔም የማደላው ወደዚህኛው ነው፤ ሰዎች ይቆጠር አይቆጠር እያሉ የመረጡት ቁጥር ዞሮ ዞሮ የወደዱትን ሲጋር መደገፉ አይቀርምና። ክሩ በዚህ ላይ ሳይስማማ ቆሟል።